የአርዲስ ብሬኬ አረንጓዴ ሳህን

ወይዘሮ አርዲስ ብሬኬ ባለፈው መጋቢት በሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ የአውራጃችን ሳምንታዊ ጋዜጣ በሟቾች ዓምዱ ዘጠኝ መስመር ጻፈላቸው። የተወለዱበት እርሻ፣ ያገቡት ሰው፣ የወለዷት አንዲት ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ያገለገሉበት ዘመን፣ የቀብሩ ቀንና ሰዓት ተጽፏል። ከተጻፈው ውስጥ ሐሰት ነው የምለው ቃል የለም። ነገር ግን እኚህን ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሌብነት የጠረጠርኋቸው እኔ ነኝና፣ ያልተጻፈውን መጻፍ የእኔ ፋንታ ነው።

ወይዘሮ አርዲስ ከከተማችን ከኖርድቪክ በስተሰሜን ባለው የአባታቸው እርሻ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛ ሆነው ተወለዱ። ኦሪን ብሬኬን አገቡ፤ ኦሪን ቀድሟቸው ሞተ። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ግን በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለፓስተሩ፣ ቀጥሎ ለአስከሬን አዘጋጁ፣ በሦስተኛ ለአርዲስ ይደወል ነበር። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ከቀብር በኋላ የሚበላውን ምሳ ያዘጋጁት እርሳቸው ናቸው። ለደወለው ሰው የሚያቀርቡት ጥያቄ ሦስት ብቻ ነበር፤ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ ልጆቹ ስንት ናቸው፣ ሟቹ በሕይወቱ ስንት ሰው አስቀይሟል። ከዚያ በኋላ የሳንድዊቹን ቁጥር ይናገራሉ። ቁጥሩ ሲጎድልም ሆነ ሲተርፍ አልታየም።

ስለ እኔም ተናግረዋል። በእህል ጎተራው ቢሮ፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ቨርሊን ስኮግ የሞተ ቀን ሃያ ሳንድዊች ይበቃል። ከሃያው አሥራ ሁለቱን የሚበላው ፓስተሩ ነው» አሉ ተብሎ ተነገረኝ። ሰዎቹ ስቀዋል። እኔ አልሳቅሁም። የሰውን ቀባሪ በሕይወት ሳለ የሚቆጥር፣ ዕቃውንም ሳይቆጥርበት አይቀርም ብዬ አሰብሁ።

ባለቤቴ ኢኔዝ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰችው የሩዝ ገንፎ የቀረበላት በአንድ አረንጓዴ መጋገሪያ ሳህን ነበር። ሳህኑ ከሦስት ዓመት በላይ በቤታችን የቆየ፣ በአንድ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። ከቀብሯ ስመለስ ከመደርደሪያው ላይ አጣሁት። ሌላ የጎደለ ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጎረቤቴ፣ ጸሎቱ በሚደረግበት ሰዓት የወይዘሮ አርዲስ ቡናማ መኪና ደጄ ላይ ቆሞ እንዳየ ነገረኝ። ምሳውን የሚያዘጋጅ ሰው በዚያ ሰዓት ከምድር ቤቱ የሚወጣበት ምክንያት አልታየኝም። ለማንም አልተናገርሁም፤ እርሳቸውንም አልጠየቅሁም። የጠየቁት ሰው ለመዋሸት ይዘጋጃል።

ከዚያ በኋላ ባለው ወር ወይዘሮ አርዲስ ሁለት ጊዜ ቤቴ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ በፎጣ የተሸፈነ ነገር ይዘዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ሌላ የሚወሰድ ነገር እንዳለ ሊያዩ የመጡ መሰለኝ።

ጋዜጣው የቀብር ሰዓት ስለሚያወጣና ጋዜጣ ደግሞ ሌባም ስለሚያነበው፣ በእኛ አገር በቀብር ሰዓት የሟቹን ቤት የሚጠብቅ ሰው ይቀመጣል። ከኢኔዝ ወዲህ ይህን ሥራ በፈቃዴ ያዝሁ። ሠላሳ አንድ ቤት ጠብቄአለሁ። መኪናዬን ከጎተራ ጀርባ እሰውራለሁ፤ ሁለቱም በር በሚታይበት ቦታ እቀመጣለሁ፤ የሰው መሳቢያና መደርደሪያ አልከፍትም። ከሠላሳ አንዱ ቤት አንዲት ማንኪያ አልጠፋችም።

ወይዘሮ አርዲስ በሞቱ በሦስተኛው ቀን፣ በኦማሃ የምትኖረው ልጃቸው ጆሊን ደወለችልኝ።

«ጋሽ ቨርሊን፣ የእማዬን ቤት ይጠብቁልኛል?»

«ሌላ ሰው ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም። እማዬ ራሷ ናት ‹ቨርሊን ይሁን› ያለችው። ‹እሱ ጥላውንም ሳይፈትሽ አያስገባም› ትል ነበር።»

ነገሩ አላማረኝም። የሰረቀ ሰው የተሰረቀበትን ሰው ለምን ዘበኛ ያደርገዋል? ሆኖም እሺ አልሁ። ሳህኑ በዚያ ቤት ካለ አገኘዋለሁ ብዬ ነው እሺ ያልሁት፤ ይህን አልደብቅም። ካገኘሁት ደግሞ በምድር ቤቱ፣ ምሳ በሚበላው ሰው ሁሉ ፊት እንደማስቀምጠው ወስኜ ነበር።

የቀብሩ ጸሎት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። በወይዘሮ አርዲስ ወጥ ቤት ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥሁ። ፊት ለፊቴ ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር መደርደሪያ ነበር። ሳህን የሚቀመጠው በዚያ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ብልሃት አያስፈልግም። እጄን ሦስት ጊዜ ዘረጋሁ፤ ሦስት ጊዜም መለስሁ። በጠባቂነት በገባሁበት ቤት መደርደሪያ ብከፍት፣ በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ሌባ እኔ ነኝ። ባልከፍት ግን ከቀብሩ በኋላ ጆሊን ዕቃውን ሁሉ ታከፋፍላለች፤ እውነቱም በዚያው ይቀራል።

አራተኛ ጊዜ እጄን ስዘረጋ የጓሮው በር እጀታ ተንቀሳቀሰ።

ተነሥቼ ከግድግዳው የሊጥ መዳመጫ አወረድሁ። ከበሩ ውጭ ያለው ሰው በትከሻው መግፋት ጀመረ።

«ማነው?»

«ክፈት እንጂ!»

«ስምዎን ይናገሩ።»

«ኤልቪራ ነኝ! አርባ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ከፊትህ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ድምፄን አታውቀውም?»

ወይዘሮ ኤልቪራ ዬልም በምድር ቤቱ የወይዘሮ አርዲስ ምክትል ነበሩ። በሩን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ከመግቢያው ገለል አላልሁም።

«በዚህ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መሆን አልነበረብዎትም?»

«አንተስ?»

«እኔ በሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔም! መዳመጫውን አስቀምጠው፣ ሊጥ የለም።» ጫማቸውን በምንጣፉ ላይ ጠረጉ። «መቶ ሃያ ሰው ይመጣል ብዬ ነበር። ሁለት መቶ አልፏል። መኪናው እስከ ድልድዩ ተሰልፏል። ሰው ሁሉ ስንት ሰው እንደሚቀብረው የምታውቀው እሷ ነበረች፤ እሷን የሚቆጥርልን አጣን።»

«ማን ላከዎት?»

«ድንቹ! ድንቹ የሚቀመጥበት ሳህን አጣ።»

«ጆሊን ታውቃለች?»

«እናቷን እየቀበረች ነው። ሄደህ በጆሮዋ ትጠይቃታለህ?»

ገለል አልሁ፤ ነገር ግን መደርደሪያውን ሲከፍቱ ከጎናቸው ቆምሁ። አንድ ትልቅ መጥበሻ አወጡ። ሁለት የመስታወት ሳህን አወጡ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው፣ በአንድ ጠርዙ የተሸረፈ አረንጓዴ ሳህን አወጡ።

«እሱን ያስቀምጡት» አልሁ። «የባለቤቴ ነው።»

ወይዘሮ ኤልቪራ አላስቀመጡትም። ሳህኑን በደረታቸው ይዘው ተመለከቱኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት ያኮረፍከው በዚህ ነው?»

«አላኮረፍሁም። ጠረጠርሁ እንጂ።»

«ልዩነቱን ንገረኝ እስቲ።»

«በኢኔዝ ቀብር ዕለት መኪናቸው ደጄ ላይ ታይቷል። ሳህኑም በዚያው ዕለት ጠፍቷል። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?»

«ሳህኑን ገልብጠህ አይተኸው ታውቃለህ?»

«የሚበላበትን ሳህን ማን ይገለብጣል?»

«በዚህ ከተማ ያለ ሴት ሁሉ!» አሉና ገለበጡት።

በሳህኑ ቂጥ ላይ የወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። የእኛ ሴቶች ለቀብር ምሳ ሳህን ሲያዋጡ፣ ታጥቦ ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ስማቸውን በዚያ ይጽፋሉ። ይህን አውቃለሁ፤ የራሳችንን ዕቃ ግን ገልብጬ አላውቅም። ፕላስተሩ በምድጃ ሙቀት ብዛት ቡናማ ሆኗል። በጥፍሬ ፋቅሁት።

«ፕላስተር በማንኛውም ጊዜ ሊለጠፍ ይችላል።»

«መነጽርህን አድርግና አንብበው፣ አንተ ሰውዬ!»

መነጽሬን አደረግሁ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፤ «ይህ የአርዲስ ብሬኬ ነው። ባዶውን አይመለስ።» ፊደሎቹ ወደ ግራ ያዘነበሉ ነበሩ። ኢኔዝ ግራኝ ነበረች፤ በልጅነቷ መምህሯ እጇን እየመታች ልታስተዋት ሞክራ አልቻለችም። በዚህ ወረዳ እንደዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው የለም። በሕመሟ መጨረሻ ሰሞን ጥቅል ፕላስተርና ብዕር አምጣልኝ ማለቷ ትዝ አለኝ። የመድኃኒት ብልቃጦቿን ልትለይበት መስሎኝ ነበር።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ኤልቪራም ጊዜ እንደሌላቸው እየተናገሩ ተቀመጡ።

«ሳህኑ ከድሮም የአርዲስ ነው። ኢኔዝ መጀመሪያ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ምግብ ያመጣችላችሁ በእሱ ነበር። ሳህን ባዶውን አይመለስምና፣ ኢኔዝ ‹ሲሻለኝ ሞልቼ እመልሳለሁ› እያለች እናንተ ዘንድ ቆየ።»

«በቀብሩ ዕለት ቤቴ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ማሞቂያህን ከፍ ልታደርግ። ከቀብር ወደ ቀዝቃዛ ቤት አይገባም ትል ነበር። ቤት ጠባቂ ለሌለው ሁሉ ታደርገው ነበር። ያን ዕለት ቤትህ አልሞቀም?»

ሞቆ ነበር። ማሞቂያውን ሳልቀንስ ወጣሁ ብዬ ራሴን ወቅሼ ነበር።

«ሳህኑን እዚያው አየችው፤ ፕላስተሩን አነበበች። ‹ኢኔዝ መሙላት ካልቻለች እኔ ልሙላላት› ብላ ይዛው መጣች። ሁለት ጊዜ ድንች በክሬም ጋግራ ደጅህ መጣች። ሁለት ጊዜ ይዛው ተመለሰች።»

«ሰው የሌለ መስሏቸው ይሆናል።»

«አልመሰላትም! ‹ከመጋረጃው ጀርባ ነው፣ ትንፋሹ መስታወቱን አደብዝዞታል› አለችኝ። ደጃፉ ላይ ትተሽው ነይ ብላት፣ ‹ኢኔዝ ባዶውን አይመለስ አለች እንጂ ለድመት ይሰጥ አላለችም› አለችኝ።»

የቀረኝን አንድ ነገር ጠየቅሁ።

«ሃያ ሳንድዊች ይበቃዋል ብለዋል የተባለውስ?»

«ብላለች» አሉ ወይዘሮ ኤልቪራ። «ቤት መጠበቅ ከጀመርክ ወዲህ ግን ወደ ሠላሳ ከፍ አድርጋዋለች።» ከዚያም ተነሡ። «በል ና ተሸከምልኝ። ይህ ዳሌዬ ሁሉንም አይችለውም።»

«ቤቱን ለማን ትቼ?»

«ምኑ ይሰረቃል? ሳህኑን እንደሆነ እኔና አንተ ወስደነዋል።»

የፊቱንም የኋላውንም በር ቆለፍሁ። እጀታዎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ሳብሁ። ቁልፉን በውስጥ ኪሴ ከትቼ አዝራሩን ቆለፍሁበት። ቦታዬን ትቼ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ምድር ቤቱ ስንደርስ አረንጓዴውን ሳህን በሰው ፊት አስቀመጥሁት፤ ሴቶቹም ድንች ሞሉበት። እኔም ተሰልፌ ከእርሱ በላሁ፤ እንደ ልማዳቸው ጥሬ እንቁላል ጨምረው ያጣሩትን ቡናም ጠጣሁ። ፓስተሩ ስንት ሳንድዊች እንደበላ ተከታትያለሁ፤ አራት ነው።

ምሳው ሲያበቃ ሳህኖቹ ታጠቡ። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየገለበጡ ስም እያነበቡ አከፋፈሉ። በመጨረሻ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ አረንጓዴው ሳህን ብቻውን ቀረ። አንዲት ሴት ገለበጠችውና አነበበች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ወደ ማን እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ጆሊን መጣች። ወይዘሮ ኤልቪራ ነገሩን እንደነገሯት ከፊቷ አየሁ።

«ጋሽ ቨርሊን፣ እርስዎ ይውሰዱት።»

«አስቀድሞ የምነግርሽ አለ። ቤቱን አንድ ሰዓት ከሩብ ያለ ጠባቂ ትቼዋለሁ። አብረን ሄደን እንፈትሽ።»

«ምንም አይጠፋም።»

«እንፈትሽ።»

ሄደን ፈተሽን። ከሳህኖቹ በስተቀር የጎደለ አልነበረም። ያን ጊዜ አረንጓዴውን ሳህን ስትሰጠኝ፣ ባዶውን መቀበል አይሆንልኝም አልኋት። ሳቀች፤ ከዚያም ሳቋ ተለውጦ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከምሳው የተረፈውን የሎሚ ኬክ ቆርጣ ሞላችበትና በፎጣ ሸፈነችው። በፎጣ ተሸፍኖ ወደ ቤቴ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነው።

ጆሊን የእናቷን ቤት ለገዢው ልታስረክብ በግንቦት ትመለሳለች። ሳህኑን የምመልሰው ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ኤልቪራ ድንች በክሬም እንዴት እንደሚጋገር ሁለት ጊዜ አሳይተውኛል። ሁለት ጊዜም አሳርሬዋለሁ። የነገሩኝን የምድጃ ሙቀት አሁንም አላምነውም።