ቱቦ የሚታጠፍበት መዝሙር

ሰሞኑን እዚህ አዳማ፣ ከግቢያችን አጠገብ ቤት የሚሠሩ ልጆች የፕላስቲክ ቱቦ በእሳት ሲያለሰልሱ ሽታው በመስኮት ገባና ጉሮሮዬን ያዘኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳልደርብ ወጥቼ ጭሱን አትማጉት ብዬ ጮኽኩባቸው። ሴትዮዋን ምን ነካት ብለው ተያዩ።

ያ ሽታ ለእኔ የደቡብ ሱዳኗ ጁባ ነው፤ እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ይዞኝ የሄደበት፣ ሙኑኪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የተከራየነው ግቢ፣ ሕንፃ በየጥጉ የሚበቅልበት ዘመን። አባቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ወፍራሙ ገመድ ጎሚቶ በሚባለው አጭር መታጠፊያ አላልፍ ስለሚል፣ ክንድ የሚያህለውን ቱቦ ራሱ ሰፋ አድርጎ ያጥፈው ነበር፤ እንዳይጨማደድ ደረቅ አሸዋ ይሞላውና ጫፎቹን ወትፎ፣ በግማሽ በርሜል ከነደደ ከሰል በላይ እያሽከረከረ ይዘምራል። መዝሙሩ ለጌጥ አልነበረም፤ ሰዓቱ ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ቱቦው ይለሰልሳል፤ ያኔ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ጠምዝዞ በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዘዋል። እሑድ ደግሞ ያው ድምፅ የቸርቻችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ያንቀጠቅጠው ነበርና፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ማይኩ ቢሞት ማንም ቅር አይለውም። የዘማሪው ልጅ መባልን እንደ ሹመት ቆጥሬ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር።

አገሩ ነጻነቱን ሊያውጅ ሲቃረብ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባል ያገራችን ሰው ሆቴሉን ሊያሰፋ አባቴን ጠራው። አባቴ እንደ ልማዱ ከሰሉን ደጅ ቢያቀጣጥል፣ ጋሽ ደምሴ ክንዱን ይዞ ወደ ዕቃ ቤቱ ወሰደው። ምሳ አድርሼ ቆሜ ነበርና ሰማሁት።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ እንግዶቼ ሽታውን አልቻሉትም። እዚህ ግባና በሩን ዘጋ አድርገው።»

መስኮት የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ነበር። አባቴ እሺ አለ። ማታ እየሳለ ሲገባ ለምን እምቢ አትለውም ብዬ ተቆጣሁ።

«ያገር ሰው ነው፤ በሰው አገር እንዴት አስቀይመዋለሁ?» አለኝ።

የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ከጭስ ይልቅ ያስፈራው ነበር። ሥራው እስኪያልቅ እዚያው ታፍኖ ዋለ። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ዝንጅብል በማር አፈላሁለት። ቆይቶ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ አዝማቹ ይዘገይበታል፣ ሲዘገይ ቱቦው ያርራል፣ ሲያርር ጭሱ ይብሳል።

ሆቴሉ በተመረቀ ሳምንት፣ እሑድ ቸርች አባቴ መድረክ ላይ ወጣ። አፉን ሲከፍት ሲርሲርታ ብቻ ወጣ። ጉባኤው መንፈስ ነክቶት የሚያለቅስ መሰለውና ሃሌ ሉያ እያለ አጨበጨበ፤ ባጨበጨቡለት ቁጥር እሱ እንደገና ይታገላል። እኔ አላጨበጨብኩም።

ሐኪሙ ጉሮሮው ተጎድቷል፣ ድምፁም አይመለስም አለ። ጋሽ ደምሴ አንድ ካርቶን ጭማቂ ይዞ ሊጠይቀው ሲመጣ፣ አባቴ ተነስቶ ወንበር ለቀቀለት። ይህ እስከ ዛሬ አልዋጥልኝ ብሏል።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል፤ የቀረው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ልጆቼ አያታቸው ምስጢር የሚነግራቸው እየመሰላቸው ጆሯቸውን አፉ ላይ ያስጠጋሉ፤ ደስም ይላቸዋል። ድምፁን ማንም አልቀዳውም፤ ይጠፋል ብሎ ማን አሰበ? አንድ ቀን ላሳውቃቸው ብዬ ራሴ መዝሙሩን ሞከርኩት። ትንሿ ልጄ ወደ አያቷ ዞራ፣ «አባባ፣ እንዲህ ነበር የምትዘምረው?» አለችው።

አይደለም ልላት ስል እሱ ቀደመኝ።

«አዎ፣ ልክ እንዲህ ነበር» አላት በሹክሹክታ።

ለእኔም ይሉኝታ ያዘው።