ሂና እስኪደርቅ

ያንን ግቢ ሳስበው አሁንም ያጥወለውለኛል። ከጦርነቱ በኋላ ሀርጌሳ ከፍርስራሿ ስትነሳ፣ አቦኮር የሚባል ሰው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ግቢ ተከራየና «የአእምሮ ሕመምተኞች አክማለሁ» አለ። ሕክምናው ሰንሰለት ነበር። ሰዎቹ እግራቸው ታስሮ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ይሸናሉ፤ ጠዋት ጠዋት አቦኮር እንደ መኪና በውኃ ጎማ ያጥባቸዋል። እኔ ፈትያ ምግብ አብሳያቸው ነበርኩ።

ሳሊሃ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ከአክስቷ ጋር መጥታ ዋሄን ገበያ ጥግ ለሙሽሮች ሂና እየሳለች ኖራለች። ጦርነት አእምሯቸውን ያናወጠባቸውን ሰዎች በሥዕል የሚረዱ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ ሲባል ሰማችና ተመዘገበች። ስትጨርስ አሠልጣኞቿ ወረቀትና ቀለም አስይዘው ወደ እኛ ላኳት። አቦኮር ሊያባርራት ነበር፤ ግን መድኃኒቱም ዱቄቱም የሚመጣው ከላኳት ሰዎች ነውና ንዴቱን ዋጥ አደረገ።

ወረቀቱን የነካ ሰው አልነበረም። ዓናብ የምትባል ወጣት ብቻ ሳሊሃ እጅ ላይ ያለውን ሂና ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሳሊሃ ይህን አይታ በማግሥቱ ሂና በጥብጣ መጣች።

«የት ልሳልልሽ እህቴ?»

ዓናብ የታሰረ እግሯን ዘረጋች።

«ፍታት» አለችው ሳሊሃ አቦኮርን። «ብረት ላይ ሂና አይሳልም።»

«ለእብድ ሂና! ብታመልጥስ?»

«ሂናው እስኪደርቅ ብቻ።»

እየሳቀ ፈታት። ሳሊሃ እግሯን አጥባ፣ ቁስሉን እየዘለለች አበባ ሳለችላት። ዓናብ እንዳይበላሽባት ፈርታ ከሰዓቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም፤ ዝንብ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ እንኳ እፍ ትለዋለች እንጂ እጇን አታነሳም። «ታመልጣለች» የተባለችው እሷ ናት! አመሻሹ ላይ ያ ሰውዬ መጣ፣ ሂናውን በጣቱ ነካ አድርጎ «ደርቋል» አለና መልሶ ቆለፋት። ልክ አበባው ላይ። ሳሊሃ አጥር ጥግ ሄዳ አስታወከች።

ከእንግዲህ አትመጣም ብዬ ነበር። በማግሥቱ ሂናዋን ይዛ ከች አለች። ገና ሳትቀመጥ ኑር የሚባሉት ሽማግሌ፣ የድሮ ወታደር ናቸው፣ የታሰረ እግራቸውን ዘረጉ።

«ለእኔም» አሉ።

አቦኮር ምራቁን ጢቅ አደረገ። «ወንድ በሂና ጢሙን ይቀባል እንጂ የሴት አበባ እግሩ ላይ ያስላል? በዚያ ላይ ሴት እግሩን ይዛለት? ኤጭ! ታስጠላላችሁ!»

ሽንቱ ያላስጠላው፣ ቁስሉ ያላስጠላው ሰው አበባ አስጠላው።

«ቁልፉን» አለችው ሳሊሃ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

ዱቄቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ወረወረላት። የሽማግሌውን እግር ፈታች፣ አጠበች፣ ጭኗ ላይ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠችው።

«ምን ልሳልልዎት አባባ?»

«ቶሎ የማይደርቀውን፣ ልጄ።»