ግራጫው ካልሲና የእኔ ቀይ

ሰው በወርቅ ይቀናል፣ በፀጉር ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል። እኔ በካልሲ ቀናሁ። ደግሞ ውሎ ሲያድር የሚለቅ ዓይነት ቅናት አልነበረም። ያን የሙቀት ወራት በሙሉ ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ መጀመሪያ የማየው የልብስ መስጫውን ሽቦ ነበር፤ እነዚያ ካልሲዎች ተሰጥተው እንደሆነ።

ካልሲዎቹ የጎረቤቴ ነበሩ። ካርቱም፣ ባሕሪ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሆሽ፣ ማለት አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ በሮቻችን ፊት ለፊት፣ ግቢውና ሽቦው የጋራ። የምንማረውም አንድ ክፍል ነው። እናቷ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ አል-ማንሺያ፣ አንድ ትልቅ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። የዚያ ቤት ልጅ ውጭ አገር ደርሳ ስትመለስ ይዛቸው የመጣችውን ካልሲዎች ሰለቹኝ ብላ ለጎረቤቴ እናት ሰጠቻት። ግራጫ ናቸው፤ ስስ፣ ተረከዛቸውና ጣታቸው ጋ ብቻ ወፈር ያሉ። የእኔ እናት የምትሠራው ብስኩት ፋብሪካ ነው። ከብስኩት ፋብሪካ የሚመጣው ስብርባሪ ብስኩት ነው። ስብርባሪ ብስኩት ደግሞ እግር ላይ አይጠለቅም።

«ንኪው እስቲ፣ ንኪው» አለችኝ አንድ ቀን፣ አፍንጫዬ ሥር ዘርግታ። «ውሃ ቢገባበት እዚያው እግርሽ ላይ ይደርቃል። ለተራራ መውጫ የተሠራ ነው።»

«ካርቱም ውስጥ ተራራ የት አየሽና?»

«ሰበሎቃ!» አለች፤ እንደማላውቅ።

እንዴት አላውቅም? የስፖርት አስተማሪያችን፣ ሁላችንም ኡስታዝ የምንለው፣ በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ የኛን ክፍል የደረሱትን ወደዚያ ይወስዳል። ከከተማው በስተ ሰሜን ዐባይ ኮረብታዎቹን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ጀልባው ዳር ድረስ ስለማይጠጋ ቀሪውን በእግር መሻገር ግድ ነው። ከሥር ያለው ድንጋይ ስለታም ስለሆነ ጫማ ማውለቅ ክልክል ነው። ከዚያ በረጠበ ጫማ ሽቅብ። እኩሌታው ላይ ጥላ ያለው ትልቅ ድንጋይ አለ። ኡስታዝ እዚያ ያስቀምጠንና ጫማ ያስወልቃል። እግሩ ውሃ የቋጠረ ወደ ታች ይመለሳል፤ ወንዙ ዳር ከምታበስለው ሴትዮ ጋር ዓሣ ሲፍቅ ይውላል። ከኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች መሃል እንዲህ የተመለሱት ዓመቱን ሙሉ «ዓሣዎቹ» እየተባሉ ነው የከረሙት።

እኔ ዓሣ መሆን አልፈለግሁም። በተለይ እሷ ጫፍ ላይ ቆማ፣ እኔ ታች ቅርፊት እየፋቅሁ!

እናቴ ነጭ የጥጥ ካልሲ ገዛችልኝ። «ለሙቀት ከጥጥ ሌላ ምን አለ?» አለች። እውነቷን ነው፤ እዚህ አገር ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነው። ቀን ለይተን በጠራራ ፀሐይ ውድድር አደረግን፤ የሷንም የእኔንም በአንድ ባልዲ ነክረን፣ ጨምቀን፣ ጎን ለጎን ሰጣናቸው። በራፋችንን ጠርገን ስንመለስ ሁለቱም እንደ ብስኩት ደርቀዋል።

«ወላሂ እኩል ነው!» ብዬ ዘለልኩ። እሷ ግራጫዎቹን ከሽቦው መንጭቃ ወደ ቤቷ ገባች። ደስ አለኝ።

ካርቱም ያደገ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው። የኛ ፀሐይ ብርድ ልብስ እንኳ ዞር ብለሽ ሳትመለሺ ታደርቃለች፤ ስለዚህ የማንኛውንም ጨርቅ አደራረቅ የምንለካው በሽቦው ነው። ጫማ ውስጥ ፀሐይ እንደማይገባ ማን አሰበ?

አንድ ዓርብ ኡስታዝ ለልምምድ በወንዙ ዳር ይዞን ሄደ። ከነጫማችን ውሃ ውስጥ አስገባንና ከዚያ በአሸዋው ላይ አስኬደን። ጥጡ ውሃውን ጠጣው፤ ጠጥቶም አልተፋውም። እርጥብ ፎጣ እየረገጥኩ የምሄድ መሰለኝ። ስንጨርስ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረዋል። እሷ ጫማዋን አውልቃ ግራጫዎቹን አንዴ አራገፈቻቸው፤ በቃ፣ ደረቁ።

«ዓሣዬ!» አለችኝ በጆሮዬ። «ሲያምርብሽ!»

ኡስታዝም እግሬን አየና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ ካልሲ ከሆነ የምትመጪው ቢላዋሽን አትርሺ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ የተቃጠልኩት ግን በእሷ ሳቅ ብቻ ነው።

መልሱን ያገኘሁት እናቴ ሻሿን ስታጥብ ነው። ናይለን ነው። ከባልዲው አውጥታ ታራግፈዋለች፣ ወዲያው ትጠመጥመዋለች። ነገሩ ገባኝ፤ ፈልጌ ማግኘት ያለብኝ መጀመሪያውኑ ውሃ የማይጠጣ ካልሲ ነው እንጂ ፀሐይ ላይ የሚደርቅማ ሁሉም ይደርቃል።

ከእናቴ ጋር ኦምዱርማን ገበያ ሄድን። ካልሲ ሻጩ «ጥጥ! ጥጥ!» እያለ ይጣራል። በዐረብኛ ናይለን ስለው አፈጠጠብኝ።

«በዚህ ሙቀት? እግርሽን ልትቀቅይው ነው?»

ያለው ናይለን የኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ብቻ ነበር፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ቀይ፣ አፉ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ከሚጠጣው ውሃ ለምኜ አንዱ ጥጥና ቀዩ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሁ። ጥጡ ላይ ያረፈው ወዲያው ጠፋ። ቀዩ ላይ ያረፈው ግን እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ቆየ።

«ኸረ ያረቢ! ሴት ልጅ የኳስ ካልሲ?» አለች እናቴ።

«እማ፣ ከሱሪ ሥር ማን ያየዋል?»

ቤት ስደርስ እንደ በፊቱ ሽቦ ላይ አልሰጣሁም። አንድ እግሬ ላይ ቀዩን፣ ሌላው ላይ ነጩን ነክሬ አጠለቅሁና ጫማዬን አስሬ ሆሹን መዞር ጀመርኩ።

«ጂኒ ያዘሽ እንዴ?» አለችኝ ጎረቤቴ ከበሯ ላይ።

«እግሬን እያደረቅሁ ነው።»

ጫማዬን ሳወልቅ ቀዩን አየችና በሳቅ ወደቀች። «ኳስ ተጫዋቿ! ጎል አግቢ እንጂ!» ትሳቅ። ነጩ ሲጨመቅ ይንጠባጠባል፤ ቀዩ እጄን እንኳ እምብዛም አላረጠበውም።

የጉዞው ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ተነሣን። ጀልባው አራገፈን፣ ውሃውን ተሻገርን፣ ወጣን። ቀዩ መጀመሪያ ቀዘቀዘኝ፤ ከዚያ ሞቀኝ፤ ከዚያ መኖሩን ረሳሁት። ትልቁ ድንጋይ ጋ ደርሰን ስንቀመጥ ኡስታዝ ከወዲያኛው ጫፍ እግር ማየት ጀመረ። የእኔ ተጨማዷል እንጂ ደኅና ነው። ዞር ስል እሷ ጫማዋን አላወለቀችም።

«አውልቂ እንጂ» አልኳት።

ቀስ ብላ አወለቀች። የማንሺያዋ ልጅ እግረ ትልቅ ኖሯል፤ የካልሲው ተረከዝ ከእሷ ተረከዝ በላይ ወጥቶ፣ ትርፉ ከሥር ተጨማዶ፣ ቀኝ እግሯን ቲማቲም አስመስሎታል። ገና ውሃ አልቋጠረም። ትንሽ ከሄደችበት ግን ይቋጥራል። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ዓሣዬ» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንዴት እንደሚጣፍጥ! ግን አንድ ነገር ታሰበኝ፤ እሷ ታች ከቀረች እኔ ጫፍ ላይ ስቆም ማን አይቶ ይቀናል?

«ቀኙን ወዲህ በይ» አልኳትና የእኔን ቀኝ ቀይ ካልሲ አውልቄ ሰጠኋት። ናይለን የሚሳሳብ ነውና በእግሯ ልክ ሆነ። የሷን ግራጫ እኔ አጠለቅሁት። በእግሬ ትልቅነት ስትስቅብኝ የኖረችው እሷው ናት፤ ያ ግራጫ ግን ለእኔ ተብሎ የተሠራ ይመስል ተረከዜ ላይ ልክክ አለ። ልቤ እንዴት እንደተቃጠለ!

ኡስታዝ ደረሰ። ቀይ ካልሲዋን ዝቅ አድርጎ ተረከዟን አገላብጦ አየ። «ቀልቷል እንጂ አልቋጠረም» አለ። «ያላ፣ ቀጥሉ!»

ጫፍ ላይ ነፋስ አለ። ዐባይ ከታች በድንጋዮቹ መሃል ይጥመለመላል፤ የምታበስለዋ ሴትዮ ጭስ እንደ ክር ቀጥኗል። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሁለታችንም አንድ ቀይ፣ አንድ ግራጫ።

«የቱ ቀደመ?» አለችኝ።

በእጄ ዳሰስኩ። ግራጫው ፍጹም ደርቋል። ቀዩ ጣቴ አካባቢ ገና ርጥበት አለው።

«እኩል ነው» አልኳት።

እሷም የራሷን ዳሰሰችና «አዎ፣ እኩል» አለች። ያኔ ቀኝ እግሯን፣ ቀዩን የለበሰውን፣ ወዲያ ወዲህ ስታወዛውዝ አየሁ፤ የተመቸው እግር ነው እንደዚያ የሚሆነው።

ጀልባው ጋ ስንወርድ «ያላ፣ ካልሲዬን» ብላ ግራጫዋን ተቀበለችኝ፤ ቀዩንም መለሰችልኝ።

ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ስነሳ ሽቦው ላይ ቀይ የኳስ ካልሲ ተሰጥቷል፤ ከእኔ ያነሰ፣ አዲስ፣ የሷ። አፌን በትራሴ ይዤ ሳቅሁ። በእኔ ካልሲ ቀንታለች! ከጎኑ ግን ግራጫዎቹም አሉ። ለእኔ እግር ብቻ ልክ የሆኑ፣ ግን የሷ፤ ነፋሱ እያወዛወዛቸው፣ ቀድመው ደርቀው።