ለሰው ስታስተረጉም የኖረችው ጥያቄ

ማንጠግቦሽን ናይሮቢ ያመጣት ሌላ ሥራ ነበር። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪ ሆና ነው ከአዲስ አበባ የተዛወረችው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ባሏ ዓምደሚካኤል አየር መንገድ ይሠራ ነበር፤ ልጃቸው ሐሊናም ትምህርት ቤቷን ለምዳለች። ስለዚህ ለመመለስ አልቸኮሉም፤ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ቀሩ። ያኔ ነው ጎረቤቷ፣ ፓርክላንድስ ያለ አንድ ክሊኒክ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው እየፈለገ ነው ብላ የነገረቻት። ማንጠግቦሽ ለጊዜው ብላ ገባች፤ እዚያው ዓመታት አለፉ።

ለሕክምና ከኢትዮጵያ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ እዚያው ናይሮቢ እየኖሩ የሐኪም እንግሊዝኛ የሚከብዳቸውም አሉ። ማንጠግቦሽ በሐኪሙና በታካሚው መሃል ትቀመጥና የተባለውን ሁሉ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ታስተላልፋለች። ታካሚው "ወገቤን ይቆርጠኛል" ካለ እሷም በእንግሊዝኛ "ወገቤን ይቆርጠኛል" ትላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ "ዛሬ ደግሞ ሁለቴ ኩላሊቴን ታምሜ አንዴ አረገዝኩ" እያለች ባሏን ታስቀዋለች።

ስለ ራሷ ጤና ግን ብዙም አታስብም ነበር። ቀጭን ናት፤ ጾም አትገድፍም፤ ሲጋራ አፏ ነክቶ አያውቅም። የልብና የስኳር ነገር በእሷ ሐሳብ የሌሎች ሰዎች ጣጣ ነው። ዌስትላንድስ መዝናኛ ቤቶች ተቀምጠው እስኪመሽ ጥብስ የሚበሉ፣ ቢራ የሚጠጡ፣ ከመኪና ወርደው ቢሮ፣ ከቢሮ ወጥተው መኪና ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ጣጣ።

ሐጂ ኢስሀቅ ክሊኒኩ የመጡት በዝናብ ወራት ነው። ኢስትሌይ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ወሎ ተወልደው፣ ሞያሌ ሲነግዱ ኖረው፣ ዕድሜያቸው ገፋ ሲል ወደ ናይሮቢ የተሻገሩ ሰው ናቸው። ስዋሂሊ ያውቃሉ፤ ነገር ግን "ጨርቅ እሸጥበታለሁ እንጂ ስለ ልቤ አላወራበትም" ይላሉ። ያመማቸው ነገር አልነበረም። ልጃቸው ሙርሺዳ ናት፣ "ሳይታመሙም እኮ ደምዎ ሊታይ ይችላል አባ፤ ወደፊት ልብ ወይም ስኳር ያሰጋዎት እንደሆነ ይነግሩዎታል" ብላ ስትነዘንዛቸው ሰንብታ ያመጣቻቸው። ደማቸውን ሰጥተው ሄደው ውጤቱን ሊሰሙ ሲመለሱ እሷ ሱቅ ትጠብቅ ስለነበር ለብቻቸው መጡ።

ዶክተር ንጄሪ የደም ግፊታቸውን ለካች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ስለ ቤተሰባቸው ጠየቀች። ከወላጆችዎ፣ ከወንድም ከእህትዎ መሃል ገና በጎልማሳነቱ በድንገት የሞተ አለ? ማንጠግቦሽ አስተረጎመች። ሐጂ ጥቂት አሰቡና እንደሌለ ተናገሩ። ከዚያ ወደ ውጤቱ ገቡ።

"የሦስት ወር አማካይ ስኳርዎ ከጤናማው ትንሽ አልፏል፤ የስኳር በሽታ ግን አልሆነም" አለች ዶክተሯ። "መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮልም ጨምሯል። ከደም ግፊትዎና ከዕድሜዎ ጋር ስናየው፣ እንደ እርስዎ ካሉ መቶ ሰዎች ሃያ ያህሉ በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ልባቸው ወይም ጭንቅላታቸው ላይ ጉዳት ይደርስባቸዋል።"

ሐጂ ጢማቸውን እየዳበሱ አዳመጡ። "እኔ ታዲያ ከሃያዎቹ ነኝ ከሰማንያዎቹ?"

"እሱን አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ምርመራው ማን እንደሚታመም አይናገርም፤ ማን የበለጠ መጠንቀቅ እንዳለበት ነው የሚያሳየን። መድኃኒት ከወሰዱ፣ ሻይዎ ላይ ስኳር ከቀነሱ፣ በየቀኑ በእግርዎ ከሄዱ ግን የሃያዎቹ ቁጥር ይወርዳል።"

"ማን እንደሚቀር አላህ ያውቃል" አሉ ሐጂ። "ቁጥሩ የሚወርድ ከሆነ ግን እኛም እንሂዳ።"

ነገር የማያከብዱ ሰው ናቸው ብላ ማንጠግቦሽ በልቧ ደስ አላት። ዶክተሯ መድኃኒቱን ስትጽፍ ሐጂ ወደ እሷ ዞር አሉ።

"አንቺስ ልጄ፣ ደምሽን ታይተሻል?"

ማንጠግቦሽ ፈገግ ብላ ልታልፈው ነበር። ዶክተር ንጄሪ ግን ቀና ብላ አየቻት። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፤ ደንቡ ነው። "እኔን ነው የሚጠይቁኝ" አለች በእንግሊዝኛ፤ "ተመርምረሽ ታውቂያለሽ ወይ ነው የሚሉት።"

"ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስሽ ምንድን ነው?"

ማንጠግቦሽ ይህንንም ለሐጂ ተረጎመች። "መልስሽ ምንድን ነው እያለችኝ ነው።"

"እኔም እሱን እየጠበቅኩ ነው" አሉ።

"አልታየሁም" አለች፤ በሁለቱም ቋንቋ።

ሐጂ አልተቆጧትም። "ቀኑን ሙሉ ስለ ሰው ልብ ስታወሪ ትውያለሽ። ስለ ራስሽስ አንድ ቀን ብትጠይቂ ምን አለ?" አሉ ቀስ ብለው።

ዶክተር ንጄሪ ወንበሯን ወደ ማንጠግቦሽ አዞረች። ሐጂን ቀደም ብላ የጠየቀቻቸውን አሁን ለእሷ ደገመችላት፤ ከወላጆችሽ፣ ከወንድም ከእህትሽ መሃል ገና በጎልማሳነቱ በድንገት የሞተ አለ?

ማንጠግቦሽ ከልማድ ብዛት ጥያቄውን ለሐጂ መተርጎም ጀመረች። "ከወላጆችዎ..." አለችና ጥያቄው የራሷ መሆኑ ገባት። ይህን ጥያቄ ለስንት ሰው አድርሳለች፤ የስንቱን መልስ ተቀብላ መልሳለች። አንድም ቀን ለእሷ የተጠየቀ መስሎ ተሰምቷት አያውቅም።

"አባቴ" አለች።

አባቷ የሞቱት እሷ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጠዋት በደኅና ወጥተው ቢሯቸው በር ላይ ወደቁ፤ ሐኪም ዘንድም አልደረሱ። ገና አርባዎቹ ውስጥ ነበሩ። ለቅሶ ላይ አንዱ ሐሳብ ነው፣ አንዱ የሰው ዓይን ነው ሲል፣ ልብ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም። ቤቱም ነገሩን "ድንገት ነው" ብሎ እዚያ ላይ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ማንጠግቦሽ በባዶ ሆዷ ላቦራቶሪ ገባች። ደም የምትቀዳው ልጅ ክንዷ ላይ ላስቲክ አስራ ደም ሥሯን ስትፈልግ፣ ማንጠግቦሽ ለሰዎች "ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል" እያለች የምታስተላልፈው ቃል ትዝ አላት። እውነትም ትንሽ ቆንጠጥ አደረገ።

ስኳሯ ምንም አልነበረውም። ኮሌስትሮሏ ግን ከሐጂ ኢስሀቅ እጅግ ይበልጥ ነበር። ዶክተር ንጄሪ ስህተት እንዳይሆን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስደገመችው፤ ሌላ ምክንያት እንዳይኖረው የእንቅርት ዕጢዋንም መረመረች። ሁለተኛውም ያው ሆነ።

"እኔ እኮ የዓመቱን ግማሽ ቅቤ አልነካም" አለች ማንጠግቦሽ፤ ክስ የቀረበባት ያህል ነበር ድምፅዋ።

"የምትበዪው አይደለም። ኮሌስትሮሉን የሚሠራው ጉበትሽ ነው፤ ያንቺ ሰውነት ደግሞ ከደም ውስጥ ማጥራቱ ላይ ይሰንፋል። በቤተሰብ የሚወረስ ይመስለኛል። አባትሽንም የወሰዳቸው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ግን አሁን እርግጠኛ መሆን አንችልም።" ዶክተሯ እጇን ያዝ አደረገቻት። "መድኃኒት አለው። በየቀኑ አንዲት ክኒን ናት። በአባትሽ ዘመን ይህን የነገራቸው አልነበረም፤ ላንቺ ግን በጊዜ ተደርሷል። አሁን ልጅሽና ወንድም እህት ካሉሽ እነሱም ይታዩ።"

ማንጠግቦሽ የዚያን ዕለት ከክሊኒኩ ወጥታ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ከመሳፈር ይልቅ በእግሯ ሄደች። ፍርሃት ነበረባት፤ ግን ከፍርሃቱ ጋር ሌላም ነገር ነበር። ለአባቷ ያዘነችው ሐዘን ስም አገኘ። ማንም ሳይገፋቸው፣ ማንም በክፉ ዓይን ሳያያቸው፣ ደማቸው ውስጥ የነበረ ነገር እንደወሰዳቸው ማሰብ፣ ለምን እንደሆነ ባታውቀውም፣ አቀለላት።

ሐሊና መመርመር አልፈልግም አለች። "ማሚ፣ ገና ፊፍቲን ነኝ እኮ፤ ሃርት ምናምን የትልቅ ሰው ነው" ብላ ተከራከረች። አባቷ አብሬሽ እቀዳለሁ ብሎ ነው ያግባባት፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ደም ሰጡ። የእሷ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ሐሊና ውጤቱን ሰምታ "ሳዋ፣ እሺ፤ አሁን ቺፕስ መብላት እችላለሁ?" ስትል፣ እናቷ እዚያው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ እያለቀሰች ሳቀች።

የከበዳት የወንድሟ የተካልኝ ነገር ነው። ተካልኝ አዳማ ውስጥ የስፖርት መምህር ነው። ስልክ ደውላ ስትነግረው ሳቀባት።

"እታለም፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጋር ስሮጥ ነው የምውለው። ሆዳሙን ሄደሽ አስመርምሪ።"

ማንጠግቦሽ እንደ እህት ለመነችው፤ አልሆነም። ቆጣ ብላም ሞከረች። በመጨረሻ "እሺ ተኬ፣ እንደ ሥራዬ ልንገርህ፤ ዝም ብለህ ስማኝ" አለችው። ዶክተር ንጄሪ ያለቻትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችለት። ስለ ጉበቱም፣ ስለ ውርሱም፣ ስለ አባታቸውም። 

ተካልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደረጃ ስወጣ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል" አለ። "ቆም ስል ይተወኛል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሚስቴም።"

"መቼ ጀመረህ?"

"ከፋሲካ ወዲህ። ነገ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ አትጨነቂ።"

ሄደ። ሐኪሞቹ የልቡን የደም ቧንቧዎች ሲያዩ አንደኛው ሊደፈን ትንሽ ነበር የቀረው። ቧንቧውን ከፍተው እንዳይጠብ የሚይዘውን ስቴንት አስገቡለት። ሕክምናውን እንደጨረሰ ማንጠግቦሽ ደወለች፤ ሚስቱ ሙሉነሽ ስልኩን ለተካልኝ ሰጠችው። ድምፁ ደካማ ቢሆንም ይሰማ ነበር። "እታለም፣ ሐኪሙ በጊዜ መጣህ አለኝ። በጊዜ የመጣሁት ግን እኔ አይደለሁም፤ አንቺ ነሽ ያመጣሽኝ።" ማንጠግቦሽ ሐጂ ኢስሀቅን አሰበች። እሷንም ያመጣት ሌላ ሰው ነበረ።

ቅዳሜ ኢስትሌይ ሄደች። ምን ይዤ ልሂድ ብላ ብዙ አሰበች፤ ጣፋጭ አይሆንም፣ ኬክም አይሆንም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ከረጢት አቮካዶ ገዛች። ሐጂ ኢስሀቅ ከጨርቅ ጣቃዎቹ መሃል ተቀምጠው ነበር፤ ሙርሺዳ ደንበኛ ታስተናግዳለች። ማንጠግቦሽ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ የራሷን፣ የልጇን፣ የወንድሟን። ሐጂ አላቋረጧትም።

"ያን ቀን ባይጠይቁኝ ኖሮ አልታይም ነበር፤ ወንድሜንም አልቀሰቅሰውም ነበር" አለች። "እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም፤ ሐጂ።"

"አልሐምዱሊላህ በይ" አሉ። "እኔማ ምን አውቄ። ያቺ ሐኪም ስለ እኔ ብዙ ስትናገር ብቻዬን መፍራቱ ከበደኝና ጓደኛ ፈለግኩ፤ አንቺ ነበርሽ አጠገቤ።" ከዚያ ሳቁ፤ ሙርሺዳም ጨርቅ እየለካች ሳቀች። "ወንድምሽን ከእኔ ሰላም በዪው። ሲሻለው ይምጣና ያየኝ።"

ተካልኝ ናይሮቢ የመጣው የትምህርት ዓመቱ ሲዘጋ ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ኢስትሌይ ሄደው ሐጂ ዘንድ ምሳ በሉ። በማግስቱ ከሰዓት አርቦሬተም በሚባለው መናፈሻ ውስጥ በትልልቆቹ ዛፎች ሥር በእግራቸው ዞሩ። ሐሊና ከአጎቷ ጎን እየሄደች ስዋሂሊ ታስተምረዋለች፤ እሱ ቃሉን ሲያበላሸው እያረመችው ይስቃሉ። ማንጠግቦሽ ከባሏ ጋር ከኋላ ቀረት ብላ ወንድሟ ዳገቱን ሲወጣ ታየዋለች። አናቱ ላይ ሲደርስ ዞር አለና እጁን አውለበለበላቸው። ደረቱን አልያዘም፤ አልቆመምም። "ተመስገን" አለች ማንጠግቦሽ ዝግ ባለ ድምፅ፤ እጇን ዓምደሚካኤል ክንድ ውስጥ አስገብታ ዳገቱን መውጣት ጀመረች።