የአርመኖቹ ጸሎት ቤት የተረፈበት እሑድ

ዓለምን በቃሉ ላጸና አምላክ ምስጋና ይድረሰውና፣ ጉለሌ ያለው የአርመኖች ጸሎት ቤት በደርግ ዘመን ከመወረስ እንዴት እንደተረፈ ለማስታወስ ብዕሬን አነሣሁ።

ቤቱን በጥቁር ድንጋይ ያሠሩት ከአገራቸው ተሰደው የመጡ አርመኖች ናቸው። አብዮቱ ሱቆቻቸውን ሲወርስ አብዛኞቹ ወደ ውጭ ሄዱ፤ ቄሳቸውም አረፉ። ቁልፉ፣ «ሙሴ» እያልን በምንጠራቸው አዛውንት ልብስ ሰፊ እጅ ቀረ። እዚያው ተጠምቀው እዚያው የተዳሩ ሰው ናቸው።

አንድ ሐሙስ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ እሑድ መጥቶ ቤቱን ባዶ ካገኘው የኅብረት ሱቁ መጋዘን እንደሚያደርገው ነገራቸው። ሙሴ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«መሪጌታ፣ የቀረነው አምስት ነን። ከአምስቱም ሁለታችን ጸሎት ላይ እናንቀላፋለን።»

«እኛ ምን ሠርተን እንበላለን? እሑድ አርመን መስለን ቤቱን እንሞላልዎታለን» አልኋቸው። ቤተ ክርስቲያኖቻችን በሃይማኖት እኅትማማች ስለሆኑ ኅሊናዬ አልከሰሰኝም። ጎረቤቶቼንም ሰብስቤ፣ «አርመኖች ተጫምተው ነው የሚገቡት፤ አደራ፣ ጫማ እንዳታወልቁ» ብዬ አስጠነቀቅሁ።

እሑድ ከቁስቋም ቅዳሴ ወጥተን፣ ነጠላችንን በኮት ሸሽገን ወረድን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ግን እግራችን የለመደውን አደረገ። ቀድሜ ያወለቅሁት እኔው አስጠንቃቂው ነኝ። ሙሴ የጫማውን ክምር አይተው፣ «መሪጌታ፣ ሰልባጅ ተራ ከፈቱብኝ እኮ» አሉኝ።

መልሰን ሳንጫማ ሊቀ መንበሩ ደረሰ። ክምሩን አይቶ ፈገግ አለ።

«ሙሴ፣ አርመን ከመቼ ወዲህ ነው ጫማ የሚያወልቀው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያስ ገብቼ አንድ በአንድ አያችኋለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። አንዱን አውልቆ ሁለተኛውን ሲጀምር ነቃ። በየስብሰባው ሃይማኖት ጊዜው አልፎበታል እያለ የሚያስተምረን ሰው፣ በአንድ እግር ካልሲ ደጀ ሰላም ላይ ቆሟል። ሁላችንም አየነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ግባ ልጄ፤ ጫማህን እኔ እጠብቅልሃለሁ» አሉት።

አልገባም። አቀርቅሮ ጫማውን አጠለቀ። «የሚጸልይበት ሕዝብ አለ ብዬ እጽፋለሁ። እናንተም ያያችሁትን አታወሩም።»

«ምን አየን?» አሉ ሙሴ።

እንዳለውም ጻፈ፤ ቤቱም አልተወረሰ። እኛም ሰውዬው እስኪያርፍ ድረስ አፋችንን ዘጋን። ሙሴ ሲያርፉ ፍትሐት የተደረገላቸው በዚያው ቤት ነው።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ቸሩ አምላክ ደጃችሁን ከክፉ ይጠብቅ፤ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ ቤተሰባችሁን በፍቅር ያኑርላችሁ፤ አሜን።