ሁለቱንም በር ክፈቱ

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሚስቴ ኩባያ ዘይት ውስጥ የጥጥ ክር ነክራ ለኩሳ ስትገባ፣ የኑግ ዘይቱ ሽታ አፍንጫዬን ይዞ ልጅነቴ ውስጥ ወረወረኝ፤ በአፍንጫ ደግሞ ቦንጋ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፣ ማር ቢያመጡልኝ ከማንኪራ ጫካ ይሁን ከሺሺንዳ የመጣ ክዳኑ ሳይነሳ እናገራለሁ።

ክረምቱ አልወጣም ብሎ ሲያስቸግር፣ ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየችው ህንዳዊቷ አስተማሪያችን ቲቸር ሺላ፣ ዲዋሊ የሚባለው በዓላቸው እስኪደርስ ትቁነጠነጥ ነበር። ጥቅምት ገብቶ ጨረቃ የሌለችበት ማታ ሲመጣ ቤቷን ጠርጋ፣ ደጇ ላይ በነጭ ዱቄት አበባ ስላ፣ እኔ በሠራሁላት ትናንሽ የጭቃ ኩባያዎች ኑግ ዘይት ሞልታ ትለኩስ ነበር። እንደኔ ኩባያ የሚሠራ ህንድ አገርም አልነበረም! እማዬ ግን ዱቄቱን እያየች «የጣዖት ነገር ነው፣ እንዳትጠጉ!» ትለን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው በጠፋበት ዓመት ግን እማዬ ራሷ ሄዳ ጠየቀቻት።

«ቲቸርዬ፣ ይሄ መብራት ለምንድነው?»

«ድሮ የንጉሥ ልጅ ጫካ ተሰደደ፣ ብዙ ዓመት ጠፋ» አለች ቲቸር በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። «ሲመለስ ሰው ሁሉ መብራት አበራ፣ በር ከፈተ።»

እማዬ ቤት ገብታ፣ ለቤተክርስቲያን ያስቀመጠችውን ጧፍ አውጥታ ጫካውን በሚያየው የጓሮ በር ትተክል ጀመር።

አባዬ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ የሄደው በመኪና፣ በፊት ለፊት በር ነው!»

«አንተ የምታውቀው የሄደበትን ነው። የሚመጣበትን ታውቃለህ? ሁለቱንም በር ክፈቱ!»

ከፈትን። ንፋሱ በጓሮ ገብቶ በፊት ለፊት እየወጣ ጧፉን ሲያጠፋው፣ ቲቸር ከኋላ ከኋላው እየተከተለች ስትለኩስ አመሸች።

በጋው ገባ፣ ቡናው ተለቀመ፣ ታደሰ አልመጣም። ቲቸርም ኮንትራቷ አልቆ አገሯ ገባች፤ እማዬ ግን እስክትሞት ድረስ በየጥቅምቱ ጧፏን እየተከለች ሁለቱንም በር ትከፍት ነበር።

ዛሬ ቤቱ የኔ ነው። ደጄ ላይ የሰቀልኩት አምፖል ያ ሁሉ መንገድ አልፎ ቢታ ገነት ከተማ ድረስ ይታያል እያልኩ እፎክራለሁ። የጓሮውን በር ግን በብሎኬት ደፍኜዋለሁ፣ የፊቱን ደግሞ ብረት አድርጌ ሲመሽ በሰንሰለት እቆልፈዋለሁ። ታደሰ ዛሬ ቢመጣ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ ደርሶም ያንኳኳል፣ እኔም ከውስጥ ሆኜ «ማን ልበል?» እለዋለሁ።