የኦቦ ጋልጋሎ ላሞችና የእኔ ግብር

ያን ዕለት ጠዋት ነገሌ ግብር ቤት በር ላይ ቆሜ ነጠላዬን አጣፋለሁ፣ እፈታለሁ፣ ደግሞ አጣፋለሁ... በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሱቅ ነበረኝ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ አቡጀዲ እሸጣለሁ፤ ቅቤም እሸጣለሁ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ቅቤው ነው። ለዓመቱ ግብር ገቢዬን ሳስመዘግብ ጸሐፊው ቅቤው ከየት ነው ቢለኝ አፌ እንዳመጣልኝ «ከላሞቼ» አልኩት። እሱም «የራሷ ላሞች» ብሎ ጻፈ፣ እኔም ፈረምኩ።

ላሞቹ ግን የእኔ አልነበሩም። ባሌ የሞተብኝ ዓመት ወዳጁ የነበሩት ቦረናው ሽማግሌ፣ ኦቦ ጋልጋሎ፣ በዳባሬ የሰጡኝ ናቸው። ዳባሬ ማለት ወተቱ የተቀባይ፣ ላሚቱና ጥጃዋ የሰጪው ነው። ቦረና አገር ዳባሬ የካደ ከሰው አይቆጠርም።

ቆይቶ ኦቦ ጋልጋሎን ሳል ያዛቸው። ከዚያ ወዲያ የፈረምኩት ወረቀት ያስጨንቀኝ ጀመር። እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ የመንግሥት ወረቀት ላሞቹ የእሷ ናቸው ይላል። ልጆቻቸው የአባታችንን ከብት በላች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ወረቀቱን ላስተካክል ሄድኩ። የግብር ቤቱ ሹም ከግብር ልታመልጪ ነው ብሎ ጠረጠረኝ፤ ባለቤቱን አምጪ አለኝ። ያን ዕለት ጠዋት አመጣኋቸው...

ኦቦ ጋልጋሎ «ናጋ?» ብለው ሰላም አሉና በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

«ላሞቹ የእርስዎ ናቸው?»

«የእኔ ናቸው።»

እፎይ አልኩ። ሹሙ ግን አዲስ ወረቀት ሳበ።

«ሌላስ? በጠቅላላ ስንት ከብት አለዎት?»

ክው አልኩ። ቦረና ከብቱን አይቆጥርም፤ ቁጥር መጥራት መዓት መጥራት ነው። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ ይቺን እንዴት ረሳኋት? ሹሙ ጥያቄውን ደገመ። ሽማግሌው በበትራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«የእሷ ናቸው። ያሉኝም ሁሉ የእሷ ናቸው።»

ጉድ ፈላ! ላም ላስቀንስ ሄጄ መንጋ ተጨመረብኝ።

«እሺ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ ስንት ናቸው?» አለ ሹሙ።

ኦቦ ጋልጋሎ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቁጥር ብናገር በእሳቸው ላይ ማሟረት ነው። የእሳቸው ናቸው ብል ጥያቄው ተመልሶ እሳቸው ላይ ነው።

«ተዉት ጌታዬ፣ እንደ ቀድሞው ይሁን። ግብሩን እከፍላለሁ» አልኩ። ሹሙም አዲሱን ወረቀት ወደ ጎን አደረገው።

ስንወጣ ንድድ ብሎኝ ነበር። ነገ ልጆችዎ ሌባ ቢሉኝስ አልኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁና ደግሞ ሳሉ።

«ኢንታላ ኮ... ልጄ፣ ልጆቼ ላሞቹን በስም ያውቃሉ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔ ግን እሳቸው በሳሉ ቁጥር ስባንን ከረምኩ። ካረፉ በኋላ አንድ ቀን የበኩር ልጃቸውን በረቴ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እሱ ግን እንደ አባቱ «ናጋ?» ብሎ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ከዚያ ላሞቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራ። እየሰሙ ወጡ፣ ጥጆቻቸውም ተከተሉ። ወረቀት የሚባል ነገር ማንም አላነሳም።

እነሱ ከብታቸውን ወሰዱ፣ እኔም ግብሬን ከፈልኩ። ስንት ነበሩ እንዳትሉኝ ብቻ... እሱን ለመንግሥትም አልተናገርኩም።